በመኖሪያ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ የአካዳሚክ ነጻነት

ስለ አካዳሚክ ነጻነት ሲነሣ አብዛኛው ሰው በዓይነ ልቡናው የሚያየው ወንበሩ የጸና ፕሮፌሰርን ነው፤ የጻፈው መጽሐፍ ባለ ሥልጣናትን ያስቆጣ፣ የሚያስተምረው ትምህርት ከእምነት መሪዎች ጋር ያጋጨው፣ ሆኖም ከሥራው እንዳይባረር ሕግ የሚከለክልለት ሰው። ይህ ሥዕል ሐሰት አይደለም፤ ጎደሎ ግን ነው። በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነጻነት ሲጠብብ ቀድሞ የሚጨነቀው፣ ለመማር ብሎ ድንበር የተሻገረውና በዚያ አገር ለመቆየት ተመዝጋቢ ተማሪ መሆኑን በየጊዜው ማስመስከር ያለበት ሰው ነው። እኔም ከአገሬ ውጭ ከተማሩት ወገን ነኝና ጉዳዩን ለረጅም ጊዜ ሳወጣ ሳወርድ ኖሬአለሁ። የደረስኩበት መደምደሚያ፣ የስደተኛ ተማሪ የአካዳሚክ ነጻነት በመጨረሻ የሚለካው በዩኒቨርሲቲው መተዳደሪያ ደንብ ሳይሆን በመኖሪያ ፈቃዱ ጽናት ነው የሚል ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩን ከሥሩ ለተመለከተ ሰው ይህ ሁኔታ ያሳዝናል፤ ምክንያቱም የአካዳሚክ ነጻነት ጥበቃ ሲጀመር የተሰጠው ለስደተኛው ተማሪ ነበር። በ12ኛው መቶ ዘመን በሰሜን ጣሊያን ወደምትገኘው ቦሎኛ የሮማን ሕግ ለመማር ከአልፕስ ተራሮች ማዶ ሳይቀር ብዙ ወጣቶች ይጎርፉ ነበር። እነዚህ ወጣቶች የከተማይቱ ዜጎች ስላልነበሩ የከተማይቱ ሕግ ጥላ አልሆነላቸውም። በጊዜው በነበረው ልማድ ደግሞ ከአንድ አገር የመጣ ሰው ተበድሮ ቢጠፋ፣ አበዳሪው የዚያን አገር ተወላጅ ባገኘበት ይዞ ዕዳውን ሊጠይቀው ይችል ነበር፤ ስለዚህም ገበያ ወጥቶ የማያውቅ ተማሪ ስለማያውቀው ነጋዴ ዕዳ ንብረቱን ያጣ ነበር። የቅድስት ሮማ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ ባርባሮሳ አቤቱታቸውን ሰምቶ አንድ ድንጋጌ አወጣ፤ ቃሉ የተሰጠው 1155 ገደማ፣ በአዋጅ የጸናው ደግሞ በ1158 በሮንካሊያ ጉባኤ ነው ይባላል። ድንጋጌው ለዕውቀት ፍቅር ሲሉ ራሳቸውን ስደተኛ ያደረጉ፣ ሀብታም ሳሉ ድሃ የሆኑ፣ ሕይወታቸውን ለአደጋ ያጋለጡ ብሎ ተማሪዎቹን ከገለጸ በኋላ፣ በሰላም እንዲጓዙና እንዲኖሩ፣ በአገራቸው ሰው ዕዳ እንዳይያዙ፣ ቢከሰሱም ከመምህራቸው ወይም ከከተማይቱ ጳጳስ አንዱን ዳኛ አድርገው እንዲመርጡ ፈቀደላቸው። በተማሪ ላይ እንዲህ ያለ በደል የፈጸመ ሰው የወሰደውን አራት እጥፍ እንዲመልስም አዘዘ።

ከዚህ በኋላ የሆነውም ከድንጋጌው ያላነሰ ትኩረት ይገባዋል። የውጭ ተማሪዎቹ በየትውልድ ስፍራቸው ተሰባስበው ማኅበር መሠረቱ፤ ከአልፕስ ወዲህ የመጡት ለብቻቸው፣ ከአልፕስ ማዶ የመጡትም ለብቻቸው። ሬክተሮቻቸውን፣ ማለትም የማኅበሩን አለቆች፣ ከመካከላቸው መረጡ። መምህር የሚቀጥሩት፣ የማስተማሪያ ክፍያውን የሚያዋጡት፣ አርፍዶ በገባ መምህር ላይ ቅጣት የሚጥሉትም እነዚሁ ተማሪዎች ነበሩ። የቦሎኛ ተወላጅ የሆኑ ተማሪዎች ግን ዜግነታቸው ስለሚጠብቃቸው በማኅበሩ ውስጥ ሙሉ አባልነት አልነበራቸውም። እንግዲህ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የምንለው ተቋም በቦሎኛ የተወለደው፣ ባዕዳን ሰዎች በባዕድ ከተማ ራሳቸውን ለመጠበቅ ካቋቋሙት ማኅበር ነው። ስለ ውጭ አገር ተማሪ መብት የሚናገር ሰው አዲስ ነገር እንደሚለምን ተደርጎ በታየ ቁጥር ይህ ታሪክ ትዝ ይለኛል።

ከዘመናት በኋላ ጥበቃው ቀስ በቀስ ወደ መምህሩና ወደ ተቋሙ ዞረ። በ1810 በርሊን ላይ የተከፈተው፣ የቪልሄልም ፎን ሁምቦልት ሐሳብ ያረፈበት ዩኒቨርሲቲ ያስፋፋው የጀርመን ልማድ ሁለት ነጻነቶችን አጣምሮ ይይዝ ነበር፤ መምህሩ ያመነበትን የማስተማር፣ ተማሪውም የሚማረውንና የሚማርበትን ቦታ የመምረጥ። ይህ ልማድ ወደ አሜሪካ ሲሻገር ግን የተማሪው ድርሻ ወደ ኋላ ቀረ፤ በ1915 የተመሠረተው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ማኅበር በዚያው ዓመት ባወጣው መግለጫ የሚናገረው ስለ መምህሩ ነጻነት እንደሆነ ከመግቢያው ያስታውቃል። ዩኔስኮም በ1997 ያጸደቀው ሰነድ የከፍተኛ ትምህርት መምህራንን ይመለከታል። ተማሪውን በግልጽ ያስገባው፣ የተባበሩት መንግሥታት የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ኮሚቴ በ1999 ስለ ትምህርት መብት የሰጠው ትርጓሜ ነው፤ የመምህራንና የተማሪዎች የአካዳሚክ ነጻነት ካልተከበረ የትምህርት መብት ራሱ ሊከበር እንደማይችል ይናገራል። ከሁሉም ይልቅ ለስደተኛ የቀረበው ግን በኖቬምበር 1990 በአፍሪካውያን ምሁራን የወጣው የካምፓላ መግለጫ ይመስለኛል፤ የምሁሩ ማኅበረሰብ አባላት ከአገር የመውጣትና ያለ እንግልት ወደ አገር የመመለስ ነጻነት እንዲኖራቸው ይጠይቃልና። ወጥቶ የመመለስን ጉዳይ ከማሰብ ነጻነት ጋር ማስተሳሰር የቻሉት ነገሩን በሕይወታቸው ያዩ ሰዎች ስለሆኑ ነው።

አሁን ወደ ተማሪው ልምለስ። ለስደተኛ ተማሪ ነጻነት መጀመሪያ የሚፈተነው በክፍል ውስጥ አይደለም፤ የሚያጠናውን ጥያቄ በሚመርጥበት ሰዓት ነው። ይህ ምርጫ ብዙ ጊዜ ተማሪው አውሮፕላን ላይ ከመሳፈሩ በፊት ተወስኖ ያልቃል። ነጻ የትምህርት ዕድል የሚሰጠው ድርጅት ለልማት ይጠቅማል የሚለው የትምህርት ዘርፍ አለው፤ አማካሪው ገንዘብ ያገኘበት የምርምር ፕሮጀክት አለው፤ የላከው መንግሥት ወይም መሥሪያ ቤት ሲመለስ እንዲሠራለት የሚፈልገው ሥራ አለው። የአመልካቹ የራሱ ጥያቄ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው የሚመጣው። የሰው ገንዘብ ወስዶ መማር ግዴታ እንደሚያስከትል እረዳለሁ፤ ግዴታው ተገቢ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ነገር ግን ሰው ወደ ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ የሚገባው አንድ ያልተመለሰ ጥያቄ እንቅልፍ ስለነሣው ከሆነ፣ ያንን ጥያቄ ድንበር ላይ አስቀምጦ የሌላ ሰው ጥያቄ ተሸክሞ መግባቱ ከባድ ዋጋ ነው፤ ዋጋውም በየትኛውም የክፍያ ደረሰኝ ላይ አይጻፍም።

በዚህ ላይ መንግሥታት የሚጥሉት ገደብ አለ። ብሪታንያ ከ2007 ጀምሮ፣ ለጦር መሣሪያ ሥራ ሊውል ይችላል በሚባል ዘርፍ ከፍተኛ ትምህርት ለመማር የሚመጡ የብዙ አገሮች ዜጎች ከቪዛው በፊት ልዩ የይሁንታ ሰርተፊኬት እንዲያወጡ ታስገድዳለች። የአንዳንድ አገሮች ዜጎች ይህ አይመለከታቸውም። ትምህርቱን ከጀመረ በኋላ የምርምሩን አቅጣጫ በጉልህ መለወጥ የሚፈልግ ተማሪም አዲስ ሰርተፊኬት ያስፈልገዋል። ምርምር ማለት ደግሞ በባሕርዩ መንገድ ላይ አቅጣጫ የሚለውጥ ሥራ ነው፤ ከጎኑ የተቀመጠው የአገሩ ዜጋ ያገኘው ውጤት ወደ መራው ሲሄድ፣ እሱ ፈቃድ ጠይቆ መልስ ይጠብቃል። የአደገኛ ዕውቀት ጥበቃ ከንቱ ነው አልልም። የምቃወመው ሰውን በሥራው ሳይሆን በፓስፖርቱ መመዘንን ነው። በዚህ ረገድ የኔዘርላንድስ ፍርድ ቤቶች የሰጡት መልስ ልብ ሊባል ይገባዋል። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታ ምክር ቤት በ2006 በኢራን ላይ ማዕቀብ ከጣለ በኋላ ኔዘርላንድስ የኢራን ተወላጆችን ከተወሰኑ ከኑክሌር ጋር የተያያዙ ትምህርቶችና ተቋማት የሚያግድ ደንብ አወጣች፤ ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደርሶ በዲሴምበር 2012 ደንቡ አድሎአዊ ነው ተብሎ ተወሰነ። ከሳሾቹ የጠየቁት የተለየ እንክብካቤ አልነበረም፤ እንደማንኛውም ሰው አንድ በአንድ እንዲመዘኑ ብቻ ነበር የጠየቁት።

ከሕግ ገደብ ይልቅ በጣም የተለመደውና ስሙ የማይነሣው ግን ሌላ ነው። ከሩቅ አገር የመጣ ተማሪ ስለ ትውልድ አገሩ እንዲያጠና ይጠበቅበታል። ፍልስፍና ለማጥናት የመጣው ስለ አገሩ ባህላዊ አስተሳሰብ እንዲጽፍ፣ ሥነ ጽሑፍ ለማጥናት የመጣችው የአገሯን የቃል ግጥም እንድትሰበስብ፣ የሕዝብ አስተዳደር የሚማረው የአገሩን ድህነት እንዲለካ በለሆሳስ ይመከራል። ምክሩ በክፋት የሚሰጥ አይደለም፤ ቋንቋውን ታውቃለህ፣ መረጃ ማግኘት ይቀልሃል፣ ከሌላው የተለየ ነገር ትጨምራለህ ይባላል፤ ሁሉም እውነት ነው። ብዙዎቻችንም ይህን የምናደርገው ወድደን፣ አገራችንን የሚመለከት ያልተጻፈ ነገር ስላለ ነው። ሆኖም ምርጫው አንድ ብቻ ሲሆን ምርጫ መሆኑ ይቀራል። የአውሮፓ ተወላጅ ምሁር ስለ እስያ፣ ስለ አፍሪካ፣ ስለ ላቲን አሜሪካ ሲያጠና ማንም አይደነቅም፤ ከእነዚህ አገሮች የመጣ ተማሪ ስለ መካከለኛው ዘመን የጀርመን ሕግ ወይም ስለ ጥንታዊ የግሪክ ሰዋስው ላጥና ሲል ግን ለምን ተብሎ ይጠየቃል። እኔ እንደማምነው የስደተኛ ተማሪ ነጻነት ካለበት ምልክቶች አንዱ፣ ከትውልዱ ጋር ምንም ዝምድና የሌለውን ነገር ምክንያት ሳይጠየቅ ማጥናት መቻሉ ነው። የአገር ወኪል አለመሆንም መብት ነው።

ጥያቄው ከተመረጠ በኋላ ደግሞ አማካሪው ይመጣል። የአማካሪና የተማሪ ግንኙነት በየትም ቦታ የኀይል ልዩነት አለበት፤ የውጭ አገር ተማሪ ሲሆን ግን ልዩነቱ የሚጨምረው ከሌላ አቅጣጫ ነው። የአገሩ ዜጋ የሆነ ተማሪ ከአማካሪው ጋር ቢጣላ ትምህርቱን አቋርጦ ቤቱ ይገባል፤ በሚቀጥለው ዓመት በሌላ ዩኒቨርሲቲ ይሞክራል። የውጭ አገሩ ተማሪ ትምህርቱን ባቋረጠ ጊዜ የሚያጣው ትምህርቱን ብቻ አይደለም፤ የመኖር ፈቃዱን፣ የቤት ኪራይ ውሉን፣ አብሮት ያለ ቤተሰብ ካለ የእነሱን ፈቃድ ጭምር ነው። በአሜሪካ በተለመደው የተማሪ ቪዛ ሕግ ትምህርቱን የጨረሰ ሰው ለመውጣት 60 ቀን ይሰጠዋል፤ ተፈቅዶለት ያቋረጠ 15 ቀን ብቻ ነው ያለው፤ ሳያስፈቅድ ያቋረጠ ደግሞ ምንም የእፎይታ ጊዜ የለውም። በ15 ቀን ውስጥ አዲስ አማካሪ፣ አዲስ ገንዘብና አዲስ ምዝገባ ማግኘት ለማን ይቻለዋል? ስለዚህ ተማሪው ይታገሣል። የራሱ የሆነው ውጤት በሌላ ሰው ስም ሲወጣ ይታገሣል፤ ያላመነበትን ትንታኔ በጽሑፉ ያስገባል፤ በቤተ ሙከራው ውስጥ የተስተካከለ የሚመስል አኀዝ ቢያይ እንኳ ለማን እንደሚናገር ግራ ይገባዋል። ይህን በቅርብ ከማውቃቸው ተማሪዎች ሕይወት ደጋግሜ አይቼዋለሁ። የሚጎዳውም ተማሪው ብቻ አይደለም፤ ስሕተቱን ያየው ሰው ለመናገር የሚፈራበት ቤተ ሙከራ የሚያወጣው ሳይንስ እንዴት ይታመናል?

ቀጥሎ የመናገር ጉዳይ አለ። በዚህ ላይ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ታሪክ በበር ላይ ባለውና በገባው ሰው መካከል ያለውን ልዩነት በደንብ ያሳያል። በ1945 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በትውልዱ አውስትራሊያዊ በሆነው የሠራተኞች መሪ በሃሪ ብሪጅስ ጉዳይ፣ በአገሪቱ ለሚኖሩ የውጭ ዜጎችም የመናገርና የመጻፍ ነጻነት እንደሚገባቸው ተናግሮ ነበር። በ1972 ግን ቤልጅየማዊው ማርክሳዊ ምሁር ኤርነስት ማንዴል በዩኒቨርሲቲዎች ንግግር እንዲያደርግ ተጋብዞ ቪዛ በተከለከለ ጊዜ፣ ያው ፍርድ ቤት 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ መንግሥት ሕጋዊ የሚመስል ምክንያት ካቀረበ በቂ ነው ሲል ወሰነ። በዚያ ክርክር መብታቸው የተመዘነው ሊሰሙት የፈለጉት አሜሪካውያን መምህራን ነበሩ፤ ከበር ውጭ የቆመው ማንዴል የመግባት መብት የለውምና የእሱ ነጻነት ለውይይት እንኳ አልቀረበም። ተማሪ ደግሞ በሁለቱ መካከል የሚኖር ሰው ነው። ገብቷል፤ ነገር ግን ቪዛው ሲያልቅ፣ ለዘመድ ቀብር አገሩ ደርሶ ሲመለስ፣ ለስብሰባ ወደ ሌላ አገር ሲሄድ እንደገና በሩ ላይ ይቆማል።

ይህ በሐሳብ ብቻ ያለ ስጋት አለመሆኑ በቅርቡ ታይቷል። በማርች 2025 በማሳቹሴትስ ግዛት በአንድ ዩኒቨርሲቲ የምትማር የቱርክ ዜጋ የሆነች የዶክትሬት ተማሪ፣ ከአንድ ዓመት በፊት ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ስለ ጋዛ ጦርነት በተማሪዎች ጋዜጣ ላይ አስተያየት ጽፋ ነበርና፣ ቪዛዋ ተሰርዞ ፊታቸውን በሸፈኑ ሰዎች ከመንገድ ላይ ተይዛ ወደ ሉዊዚያና ተወሰደች። ከስድስት ሳምንት በላይ ከታሰረች በኋላ ሜይ 9 ቀን አንድ የፌዴራል ዳኛ እንድትፈታ ሲያዙ፣ መንግሥት ከዚያ ጽሑፍ ሌላ ማስረጃ እንዳላቀረበ ተናግረዋል። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 30 ቀን በቦስተን የተሰጠ ሌላ ውሳኔ ደግሞ በሕግ በአገሪቱ የሚኖሩ የውጭ ዜጎች ከዜጎች ጋር እኩል የመናገር ነጻነት እንዳላቸው አረጋገጠ። ፍርድ ቤቶቹ የተናገሩት ትልቅ ነገር ነው፤ ዋጋውን ዝቅ ማድረግ አልፈልግም። ሆኖም በአገሪቱ ያሉ የውጭ አገር ተማሪዎች ተማሪዋ ከተያዘችበት ወር ጀምሮ ጽሑፋቸውን ከማኅበራዊ መገናኛ ገጾች ማንሣታቸው፣ ስማቸው ከታተሙ አስተያየቶች እንዲወጣ የተማሪ ጋዜጦችን መለመናቸው በፍርድ ውሳኔ የሚመለስ አይደለም። በፍርሃት ያልተጻፈ ጽሑፍ ይግባኝ አይጠየቅበትም።

በሌላው ወገን የትውልድ አገር እጅ አለ። የቦሎኛን ታሪክ ያነሣሁት ለዚህም ጭምር ነው። ግብጻዊው ፓትሪክ ጆርጅ ዛኪ በዚያው በቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪውን በመማር ላይ ሳለ፣ በፌብሩዋሪ 2020 ቤተሰቡን ሊጠይቅ ካይሮ ሲደርስ ከአውሮፕላን ማረፊያ ተያዘ። 22 ወር ታስሮ ተለቀቀ፤ ክሱ ግን ቀጠለ። ክሱ የተመሠረተው በግብጽ ኮፕቶች ላይ ስለሚደርስ አድልዎ በጻፈው ጽሑፍ ላይ ነበር። ከአገር እንዳይወጣ ታግዶ ሳለ በጁላይ 2023 የመመረቂያ ጽሑፉን በኢንተርኔት ተከላክሎ ተመረቀ፤ በዚያው ወር 18 ቀን ሦስት ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ በማግስቱ ምሕረት ተደረገለት። የአገሩ ልጅ አሕመድ ሳሚር ሳንታዊም በቪየና በሚገኘው የመካከለኛው አውሮፓ ዩኒቨርሲቲ ስለ ሴቶች የሥነ ተዋልዶ መብት ያጠና የነበረ ሲሆን፣ በፌብሩዋሪ 2021 ቤተሰቡን ሊጠይቅ በሄደበት ታስሮ በጁላይ 2022 በምሕረት ተፈትቷል። ዩኒቨርሲቲው ራሱ ስደተኛ ነበር፤ የሃንጋሪ መንግሥት በ2017 ባወጣው ሕግ ምክንያት አብዛኛውን ትምህርቱን በ2019 ከቡዳፔስት ወደ ቪየና አዛውሯል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ሕጉ የአካዳሚክ ነጻነትን የሚጥስ መሆኑን የወሰነው በኦክቶበር 2020፣ ዩኒቨርሲቲው ከሄደ በኋላ ነው።

እነዚህ ስማቸው የታወቀ ሰዎች ናቸው። ስም የሌለው ግን የበለጠ የተስፋፋ ነው። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2024 ባወጣው ዘገባ፣ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የሚማሩ የቻይናና የሆንግ ኮንግ ተማሪዎች ክፍል ውስጥ ሳይቀር ቃላቸውን እየመረጡ እንደሚናገሩ፣ አገር ቤት ያሉ ቤተሰቦቻቸውም በፖሊስ እንደተጠየቁ አስፍሯል። ነገሩ የአንድ አገር ብቻ አይደለም። በሴሚናር ክፍል ውስጥ ስለ ሌላው አገር ፖለቲካ እንደ ወንዝ የሚናገር ተማሪ፣ ተራው ወደ ገዛ አገሩ ሲደርስ ቀስ ብሎ ክፍሉን በዓይኑ ዞሮ ያያል፤ የአገሩ ሰው አለ ወይስ የለም? ያ የአገሩ ሰው ደግሞ በትክክል ስለ እሱ ተመሳሳይ ነገር እያሰበ ይሆናል። መምህሩ ዝምታውን የቋንቋ ችግር ወይም ዓይን አፋርነት አድርጎ ይወስደውና ለተሳትፎ የሚሰጠውን ነጥብ ይቀንሳል። እንዲህ ያለውን ነጥብ መቀነስ ያለ ክፋት የሚፈጸም ግፍ ነው እላለሁ። ተማሪው የሚያውቀውን ያልተናገረው ስለማያውቅ አይደለም፤ የሚናገርበትን ዋጋ የሚከፍለው ሌላ ቦታ ያለች እናቱ ስለሆነች ነው።

ስለ ነጻነት ስናወራ ገና በሩ ላይ ያልደረሱትን መርሳት የለብንም። ተገድዶ የተሰደደ ወጣት የመጀመሪያ ችግሩ ምን ላጥና የሚል አይደለም፤ መማሩን የሚያስረዳ ወረቀት ነው። ትራንስክሪፕቱ በተቃጠለ ቤት ውስጥ ቀርቷል፤ ወይም ማስረጃውን መስጠት ያለበት ዩኒቨርሲቲ የሚያስተዳድረው እሱን ያሳደደው መንግሥት ነው። የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 22 ከመጀመሪያ ደረጃ በላይ ባለው ትምህርት፣ በማስረጃ ዕውቅናም ሆነ በክፍያ ቅናሽና በነጻ የትምህርት ዕድል፣ ስደተኞች በተቻለ መጠን መልካም አያያዝ እንዲደረግላቸው፣ በማናቸውም ሁኔታ ከሌሎች የውጭ ዜጎች ያነሰ እንዳይሆን ያዛል። ስለ ከፍተኛ ትምህርት ማስረጃ ዕውቅና የተደረገው የ1997ቱ የሊዝበን ስምምነት ማስረጃቸው በሰነድ ሊረጋገጥ ለማይችል ስደተኞች አገሮች የምዘና ሥርዓት እንዲያበጁ ይጠይቃል፤ ከዚህ ተነሥቶ የአውሮፓ ምክር ቤት ቃለ መጠይቅን መሠረት ያደረገ የስደተኞች የትምህርት ማስረጃ ፓስፖርት ጀምሯል። በ2019 በዚሁ የማስረጃ ዕውቅና ጉዳይ ላይ የጸደቀው የዩኔስኮ ዓለም አቀፍ ስምምነትም ከማርች 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ደግሞ በ2030 ለከፍተኛ ትምህርት ከደረሱ ስደተኞች 15 በመቶው እንዲማሩ ግብ አስቀምጧል። ግቡ ራሱ 15 በመቶ መሆኑ ምን ያህሉ እንደማይማሩ ይነግረናል።

ለምሁራን የተደረገው ጥረት በአንጻሩ ረጅም ታሪክ አለው። በ1933 ናዚዎች አይሁድና ተቃዋሚ ምሁራንን ከጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ባባረሩ ጊዜ፣ በብሪታንያ በዊልያም ቤቨሪጅ አነሣሽነት የአካዳሚክ ረድኤት ምክር ቤት ተቋቋመ፤ ከፍራንክፈርት የሸሸው የፓቶሎጂ ምሁር ፊሊፕ ሽዋርትስ ዙሪክ ላይ ባቋቋመው ማኅበር አማካይነት ብዙ መምህራን በኢስታንቡል ዩኒቨርሲቲ ሥራ አገኙ። ዛሬም በእሱ ስም የተሰየመ የጀርመን መርሐ ግብር የተሰደዱ ተመራማሪዎችን ይቀበላል። ይህን ሁሉ አደንቃለሁ። ነገር ግን የማዳኑ ሥራ ያኔም ሆነ አሁን በዋናነት የሚያነጣጥረው ስማቸውን አስቀድመው ያስመዘገቡትን ነው፤ ከመምህሩ ጋር ያው ሰልፍ ላይ የነበረችው፣ ገና አንድ ጽሑፍ ያላሳተመችው ተማሪ በየትኛው መስፈርት ትመረጣለች? የነገው ዕውቀት ያለው ከእሷ ዘንድ ቢሆንም እንኳ፣ በማመልከቻው ቅጽ ላይ የኅትመቶች ዝርዝር የሚለው ቦታ ባዶ ነው።

ስለዚህ ወደ ውጭ ለመሄድ ለሚዘጋጁ ወጣት እኅቶቼና ወንድሞቼ የምላቸው፣ የዩኒቨርሲቲውን ደረጃ ከመመልከት ጋር ጥቂት ጥያቄዎችን በጽሑፍ እንዲጠይቁ ነው። አማካሪ ብቀይር ገንዘቡና የመኖሪያ ፈቃዴ ምን ይሆናል? የነጻ ትምህርቱ ውል ውጤቴን ከማሳተሜ በፊት የሰጪውን ፈቃድ እንድጠይቅ ያስገድደኛል? የሰበሰብኩት መረጃ የማን ነው? ቪዛዬ አደጋ ላይ ቢወድቅ ዩኒቨርሲቲው ጠበቃ ያቆምልኛል ወይስ ወደ ኢሚግሬሽን ቢሮ ስልክ ቁጥር ይመራኛል? እንዲህ ያለ ጥያቄ መጠየቅ አመስጋኝ አለመሆን የሚመስላቸው አሉ፤ ጨዋ የሆነ ተቋም ግን በመልሱ አያፍርም፤ ከማይመልስ ተቋምም ዝምታው ራሱ ይጠቅማል።

መምህራን የሆናችሁ ደግሞ በእጃችሁ ያለው ብዙ ነው። በክፍል የተነገረ ነገር በስም እየተጠቀሰ ከክፍል እንዳይወጣ፣ ያለ ፈቃድ እንዳይቀረጽ በመጀመሪያው ቀን መስማማት ይቻላል። አደገኛ በሆነ ርዕስ ላይ ተማሪው በቃል ፈንታ በጽሑፍ፣ በስም ፈንታ በቁጥር እንዲሳተፍ መፍቀድ ይቻላል። ከሁሉም በላይ ስለ መመረቂያ ጽሑፍ አስቡ። አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ጽሑፉን ሲቀበሉ ማንም በስም ፈልጎ በሚያገኘው የኢንተርኔት ማኅደር ውስጥ ያኖሩታል፤ ተማሪው ከጠየቀ ግን ለተወሰኑ ዓመታት ተዘግቶ እንዲቆይ የሚፈቅድ ሥርዓት አላቸው። ጥያቄው መቅረብ ያለበት ጽሑፉ ከመግባቱ በፊት ነው፤ አንዴ ከተከፈተ በኋላ የፍለጋ ሞተሮች ቅጂውን ስለሚይዙት መዝጋቱ ብዙም አይረዳም። ይህን ቅጽ ለተማሪው የሚነግረው ሰው ብዙ ጊዜ የለም፤ ስለዚህ አማካሪው ገና ረቂቁን በሚያነብበት ወር ራሱ አንሥቶ ይጠይቀው።